እንቁላል በሌለበት ኬክ ኩፍ እንዲል

ባለፉት ጥቂት ሳምንታት ወደዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ በእንቁላል ፋንታ የዕፅዋት ውጤቶችን ተጠቅሞ በቤት ውስጥ ስለመጋገር የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው፣ የዚህን ዕትም ገጾች በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተናል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በአንድ ላይ ጠቅልለን፣ ረጃጅሞቹንም አሳጥረን አቅርበናል። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሰው የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ ኩባያ ደግሞ 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘው መስፈሪያ ነው፤ ሁሉም አፋቸው ተስተካክሎ እንጂ ተቆልለው አይለኩም።

ጥያቄ፦ «ለረጅም ጊዜ በ4 እንቁላል የምጋግረው ስፖንጅ ኬክ አለኝ። ሰሞኑን እንቁላሎቹን ትቼ፣ ለእያንዳንዳቸው 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጬ ጨመርኩ። ኬኩ ኩፍ ሳይል ቀረ፤ ስቆርጠው ከቢላው ጋር የሚጎተት፣ ሲያኝኩት ጎማ የሚመስል ነገር ሆነብኝ። ጥፋቱ የተልባው ነው ወይስ የእኔ?» — ስፖንጅ ኬክ የማይሰለቻቸው

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ተልባዎም አሠራርዎም ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ ተልባው የማይችለውን ሥራ መታዘዙ ነው።

አንድ ትልቅ እንቁላል ቅርፊቱ ሲቀር 50 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው ውኃ ሲሆን፣ 6 ግራም ያህሉ ፕሮቲን፣ 5 ግራም ያህሉ ደግሞ ስብ ነው። ይህች ትንሽ ነገር ሊጥ ውስጥ ስትገባ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ትይዛለች፤ ዱቄቱን ታያይዛለች፣ ሊጡን ታረጥባለች፣ በአስኳሏ ውስጥ ባለው ሌሲቲን ዘይትና ውኃ ሳይለያዩ እንዲዋሐዱ ታደርጋለች፣ ለኬኩ ገጽም ወርቃማ ቀለም ትሰጣለች። በስፖንጅ ኬክ ውስጥ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሥራዋ አየር መያዝ ነው። እንቁላልና ስኳር አብረው በደንብ ሲመቱ የእንቁላሉ ፕሮቲኖች ከተጠቀለሉበት ተፈትተው በእያንዳንዷ የአየር አረፋ ዙሪያ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ኦቨን ውስጥ አረፋዎቹ በሙቀት ሲያብጡ ሽፋኑ አብሮ ይለጠጣል፤ የሊጡ ሙቀት 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አልፎ ወደ 80 ሲጠጋ ደግሞ ፕሮቲኑ ይረጋና ኬኩ ያበጠበትን ቁመት እንደያዘ ይቀራል። ቤኪንግ ፓውደር ሳይነካው ስፖንጅ ኬክ ኩፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ተልባ ውኃ ሲነካው የሚዝለገለገው ከልጣጩ በሚወጣ ሙጫ መሰል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ይህ ንጥረ ነገር ከፕሮቲን ወገን ሳይሆን ከስኳርና ከስታርች ወገን የሚመደብ ነው። ውኃን አጥብቆ ይይዛል፣ ፍርፋሪን ያያይዛል፤ ነገር ግን ተመትቶ አየርን አቅፎ አይቆይም፣ እንደ እንቁላልም በሙቀት አይረጋም። እርስዎ በ4 እንቁላሎች ፋንታ የጨመሩት 180 ሚሊ ሊትር ውኃ አጥብቆ የያዘ ሙጫ ነውና ኦቨኑ ያንን ውኃ ሊያስለቅቀው አልቻለም። እኔም ይህን የተማርኩት እንደ እርስዎ ነው፤ ለእንግዶች ብዬ በተልባ የጋገርኩት የ5 እንቁላል ኬክ ከፎርማው ሲወጣ ለሁለት ታጠፈ እንጂ አልተሰበረም፤ ይህ ደግሞ ለኬክ የሚነገር ምስጋና አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የማንኛውንም ኬክ አሠራር ሳነብ አስቀድሜ እንቁላሎቹን እቆጥራለሁ። ቁጥሩ 1 ከሆነ፣ በተለይም ቤኪንግ ፓውደር ወይም ቤኪንግ ሶዳ ካለበት፣ እንቁላሉ አብዛኛውን ጊዜ ማያያዣ ብቻ ስለሆነ ተልባም ሆነ ሌላው ምትክ ያለ ችግር ይሠራል። 2 ከሆነ ምን ዓይነት ምትክ እንደሚስማማው አስባለሁ። 3ና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ያንን አሠራር ትቼ፣ ከመጀመሪያው ያለ እንቁላል የታሰበ ሌላ አሠራር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በእንቁላል ተገንብቶ የቆመን ኬክ እንቁላሉን አውጥቶ ማቆም፣ ምሰሶውን ነቅሎ ጣሪያውን እንደመጠበቅ ነው። ለእርስዎ የሚሆን አንድ አሠራር በመጨረሻው መልስ ላይ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ «ተልባውን ሳልፈጨው በውኃ ዘፍዝፌ ብጨምረው ምን ይጎድላል? ፈጭቼ ያስቀመጥኩት ደግሞ ከወር በኋላ ብስኩቱን መራራ አደረገብኝ። በዚያው ላይ ቺያ የሚባለው ዘር ከተልባ ይሻል እንደሆነ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።» — ብስኩት ጋጋሪዋ

መልስ፦ ሳይፈጭ የተዘፈዘፈ ተልባም ይዝለገለጋል፤ ይሁን እንጂ ፍሬው ጠንካራ ልጣጩን እንደለበሰ ብስኩቱ ውስጥ ስለሚቀር ጥርስ ሥር ይገባል፣ የተፈጨውን ያህልም አያወፍርም። ለመፍጨት ከትልቅ ብሌንደር ይልቅ ንጹሕ የቡና መፍጫ ይመረጣል፤ ጥቂት ፍሬ ትልቅ ብሌንደር ውስጥ ሲገባ ከምላጩ እየሸሸ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራልና።

ለአንድ እንቁላል 7 ግራም፣ ማለትም 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ45 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ይበጥብጡና ይተዉት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዱቄቱ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ውኃውም ከላይ ቀጥኖ ይታያል፤ ብስኩታቸው የሚፈረፈርባቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ቸኩለው ሊጡ ውስጥ የሚጨምሩት ናቸው። ከ5 ደቂቃ በኋላ አንድ ጊዜ ያማስሉት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሹካ አጥልቀው ሲያነሡት በሹካው ጥርሶች መካከል ተንጠልጥሎ፣ እንደ ጥሬ የእንቁላል ነጭ እየተሳበ በዝግታ ከወረደ ደርሷል ማለት ነው። ሹካው ላይ ተጋግሮ ከቀረና አልወርድ ካለ ውኃ አንሶታልና አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይጨምሩበት።

የመረረበት ምክንያት ዘይቱ ነው። ከተልባ ፍሬ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ዘይት ሲሆን፣ የዚህ ዘይት ከግማሽ የሚበልጠው ክፍል ከአየር ጋር ፈጥኖ የሚዋሐደው የኦሜጋ 3 ስብ ነው። ሠዓሊዎች የዘይት ቀለም ሲሠሩ የተልባ ዘይት የሚመርጡት ስለዚሁ ጠባዩ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይደርቃል፣ ይጠነክራል። በሸራ ላይ የሚወደደው ይህ ጠባይ ብስኩት ውስጥ ሲገባ ምሬትና የቀለም ሽታ ይሆናል። ፍሬው ሳይፈጭ በልጣጩ ውስጥ ተጠብቆ ብዙ ወራት ይቆያል፤ የተፈጨውን ግን አየር በማያስገባ ዕቃ ከድነው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡት፣ የተሻለው ደግሞ በየጊዜው የሚበቃዎትን ያህል ብቻ መፍጨት ነው።

ቺያም በተመሳሳይ ልክ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ተደርጎ ይሠራል። ከክብደቱ 10 እጥፍ ያህል ውኃ መያዝ ስለሚችል ሳይፈጭም ይወፍራል፤ ጥቁር ነጠብጣቡ ግን በነጭ ኬክ ላይ በግልጽ ይታያል። በሥራ ረገድ ከተልባ ይበልጣል ብዬ ለመናገር አልደፍርም፤ ለብስኩት እኔ ተልባን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ለውዝ ለውዝ የሚለው ጣዕሙ ከብስኩት ጋር ይስማማል።

ጥያቄ፦ «የታሸገ ሽምብራ የተቀመጠበት ውኃ እንደ እንቁላል ነጭ ተመትቶ አረፋ እንደሚሆን ሰምቼ ሜሬንግ የሚባለውን ደረቅ የስኳር አረፋ ጣፋጭ ሠራሁ። አረፋው በረዶ መስሎ ቆመልኝ። በ150 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ካስገባሁት በኋላ ግን ሟሽሾ፣ ትሪው ላይ እንደ ሽሮፕ ተንጣልሎ አገኘሁት። ራሴ ከቀቀልኩት ሽምብራ የወሰድኩት ውኃ ደግሞ ጭራሽ አረፋ አልሆን አለኝ።» — ሜሬንግ ያሸነፋቸው

መልስ፦ ይህ ውኃ አኳፋባ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጆኤል ሮሴል የተባለ ፈረንሳዊ ሙዚቀኛ የጥራጥሬ መቀቀያ ውኃ ተመትቶ አረፋ እንደሚሆን አስተዋለ፤ በተከታዩ ዓመት ጉስ ዎልት የተባለ አሜሪካዊ የሶፍትዌር መሐንዲስ የሽምብራውን ውኃ ከስኳር ጋር ብቻ መትቶ ሜሬንግ ሠራና ከላቲን «ውኃ» እና «ባቄላ» የሚሉትን ቃላት አጋጥሞ ይህን ስም አወጣለት። እንግዲህ ስንቶቻችን ለዘመናት ስንደፋው የኖርነውን ነገር ምግብ ለማድረግ አንድ ሙዚቀኛና አንድ መሐንዲስ አስፈልገዋል።

ሽምብራው ሲቀቀል ጥቂት ፕሮቲን፣ ስታርችና ሳፖኒን የሚባለው አረፋ ሰጪ ንጥረ ነገር ወደ ውኃው ይወጣሉ፤ አረፋውን የሚያቆሙት እነዚህ በኅብረት ነው። ከእንቁላል ነጭ የሚለይበት ነጥብ ግን የእርስዎን ሜሬንግ ያጠፋው ነው። የእንቁላል ነጭ አረፋ ሲሞቅ ፕሮቲኑ ረግቶ ቅርጹን ይይዛል፤ የአኳፋባ አረፋ ግን ሲሞቅ አይረጋም፣ ቅርጹን ይዞ የሚቀረው ውኃው በዝግታ ተንኖ ስኳሩ ሲደርቅ ብቻ ነው። በ150 ዲግሪ ከመድረቁ በፊት ስኳሩ ይቀልጣል፣ አረፋውም ይተኛል። ስለዚህ ኦቨኑን በ100 ዲግሪ አድርገው፣ እንደ መጠኑ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያድርቁት እንጂ አይጋግሩት፤ ሰዓቱ ሲሞላም እሳቱን አጥፍተው፣ በሩን ሳይከፍቱ እዚያው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። ቀዝቅዞ ከወረቀቱ ላይ በራሱ የሚላቀቅ ከሆነ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ከአየር እርጥበት ስቦ በሰዓታት ውስጥ ሊያጣብቅ ስለሚችል ወዲያው በጥብቅ የሚከደን ዕቃ ውስጥ ያስገቡት።

አመታቱን በተመለከተ፣ ለ120 ሚሊ ሊትር አኳፋባ ሩብ የሻይ ማንኪያ ክሬም ኦፍ ታርታር (አረፋው እንዲጸና የሚረዳ ኮምጣጣ ዱቄት) ጨምረው፣ ቅባት ያልነካው ሳሕን ውስጥ በኤሌክትሪክ መምቻ ይምቱት። በመጀመሪያ የሳሙና አረፋ መስሎ ትላልቅ ፊኛ ይሠራል፤ ቀጥሎ ይነጣል፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የመምቻው ፈለግ ሳይጠፋ አረፋው ላይ መታየት ይጀምራል። 150 ግራም ያህል የላመ ስኳር መጨመር የሚጀመረው በዚህን ጊዜ ነው፤ እሱም አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ እየተደረገ፣ የቀደመው እስኪሟሟ እየተጠበቀ ነው። በሁለት ጣቶችዎ መካከል ጥቂት ወስደው ሲያሹት የስኳር ቅንጣት ካልተሰማዎት፣ ሳሕኑንም ሲገለብጡት ካልተንቀሳቀሰ በቂ ነው። በእጅ መምታትም ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የሞከረ ሰው ሁለተኛ አይሞክረውም።

ራስዎ የቀቀሉት ሽምብራ ውኃ አረፋ ያልሰጠው ስለ ቀጠነ ነው። ሽምብራው የተዘፈዘፈበትን ውኃ ይድፉት፤ የሚፈለገው መቀቀያው ነው። ጨው ሳይጨምሩ ሽምብራው ለስላሳ እስኪሆን ከቀቀሉ በኋላ ከነውኃው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት፤ በማግሥቱ አጥልለው ውኃውን ብቻውን መካከለኛ እሳት ላይ በማፍላት ይቀንሱት። ሲቀዘቅዝ በጣቶችዎ መካከል እንደ እንቁላል ነጭ የሚያንሸራትትና የሚሳብ መሆን አለበት። ቀዝቅዞ ፈሳሽነቱን ትቶ እንደ ጄሊ ከረጋ ደግሞ ከልክ አልፏልና በጥቂት ውኃ ያቅጥኑት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ በበረዶ መሥሪያ ጎድጓዶች ውስጥ በማንኪያ እየለኩ ቢያቀዘቅዙት ግን በሚያስፈልግዎ ጊዜ እየቆጠሩ ማውጣት ይችላሉ። 2 የሾርባ ማንኪያ የአንድ እንቁላል ነጭ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ደግሞ የአንድ ሙሉ እንቁላል ምትክ ነው። ለማፊን፣ ለፓንኬክና ለመሳሰሉት ሳይመታም ይሠራል። በእንቁላል ነጭ አረፋ ብቻ የሚቆሙትን ኬኮች ግን በአኳፋባ አይሞክሯቸው፤ ቁመታቸውን የሚይዝላቸው የረጋ ፕሮቲን ስለሌለ ከኦቨን እንደወጡ ይሰምጣሉ።

ጥያቄ፦ «የ6 ዓመቱ ልጄ የእንቁላል አለርጂ እንዳለበት ሐኪም ነግሮኛል። 'የእንቁላል ምትክ' የሚል የተጻፈበት ፈሳሽ በካርቶን ገዝቼ ኬክ ልጋግርለት ስል በጀርባው የተጻፈውን ሳነብ የእንቁላል ነጭ እንዳለበት አየሁ። እንዴት እንዲህ ሊሆን ይችላል? ምን ልጠቀም?» — የተደናገጡ እናት

መልስ፦ ውድ እናት፣ ካርቶኑን ገልብጠው ማንበብዎ ልጅዎን ከአደጋ አድኖታል። በእንቁላል ምትክነት በፈሳሽ መልክ ከሚሸጡት ውስጥ አንዳንዶቹ የተሠሩት ለአለርጂ ሳይሆን ኮሌስትሮል ለመቀነስ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው፤ አስኳሉ ወጥቶ ነጩ ብቻ የቀረበት እንቁላል ናቸው። ስለዚህ ከፊት ለፊት የተጻፈውን ስም ሳይሆን የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር ይመኑ። በዝርዝሩ ውስጥ አልቡሚን፣ ላይሶዛይም ወይም በ«ኦቮ» የሚጀምር ቃል ካዩ ያስቀምጡት። ሌሲቲን በአብዛኛው ከአኩሪ አተር የሚገኝ ቢሆንም ከእንቁላልም ይዘጋጃልና ምንጩ ካልተጻፈ አይግዙት።

በዱቄት መልክ ከሚሸጡት ምትኮች ብዙዎቹ የድንችና የካሳቫ ስታርች ከማቡኪያ ጋር የተቀላቀለባቸው ናቸው፤ ለብስኩትና ለማፊን ይስማማሉ። ከማሾ ፕሮቲን የሚሠራው ፈሳሽ ደግሞ ከዕፅዋት ምትኮች መካከል ሲሞቅ እንደ እንቁላል የሚረጋ በመሆኑ መጥበሻ ላይም ይሠራል። ይሁን እንጂ ከዕፅዋት መሆኑ ብቻ ለአለርጂ ዋስትና አይሆንም። አኩሪ አተር ራሱ በስፋት ከሚታወቁት የአለርጂ መንሥኤዎች አንዱ ነው፤ ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ሉፒን (ግብጦ) ከተባለው ጥራጥሬ ዱቄት መጠንቀቅ አለበት። ልጅዎ ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቀውን ምትክ ከመስጠትዎ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ። እንቁላል በተመታበት መምቻና ሳሕንም በደንብ ሳይታጠብ የእሱን ሊጥ አይሥሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። የእንቁላል አለርጂ ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ በደንብ የተጋገረ እንቁላል ያለበትን ኬክ ሲበሉ ምንም እንደማይሆኑ ከሌሎች እናቶች ሰምተው ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ከእንቁላሉ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ በሙቀት ጠባያቸው ይለወጣል። ሁሉም ግን አይለወጡም፤ ለየትኛው እንደሚቆጣ የሚታወቀው ደግሞ በሐኪም ክትትል ሥር ብቻ ስለሆነ ይህን በቤትዎ ፈጽሞ አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ «በ3 እንቁላል ፋንታ 3 ሙዝ ፈጭቼ የጋገርኩት ኬክ ከላይ ጠቁሮ ከውስጥ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ስቴኪኒ ስወጋበት አንድ ሰዓት ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይወጣል።» — ትዕግሥት ያለቀበት

መልስ፦ ሙዙ በዝቷል። የአንድ እንቁላል ምትክ የሚሆነው 60 ግራም፣ ማለትም የአንድ መካከለኛ ሙዝ ግማሽ ያህል ነው። ፍራፍሬ የያዘውን ውኃ በቀላሉ አይለቅም፣ በሙቀትም አይረጋም፤ ስኳሩ ደግሞ የኬኩን ገጽ ቶሎ ያጠቁረዋል። ልኩን ያስተካክሉ፤ በሊጡ ውስጥ ካለው ሌላ ፈሳሽ ትንሽ ይቀንሱ፤ ለእያንዳንዱ የተተካ እንቁላል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይጨምሩ፤ ኦቨኑንም 10 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርገው ጊዜውን ያርዝሙ። ስኳር ያልገባበት የተፈጨ ፖምና የተቀቀለ ዱባም በተመሳሳይ ልክ ይሠራሉ። ሙዝን ግን እኔ በምትክነት አልቆጥረውም፤ የትም ቢገባ ጣዕሙ አይደበቅምና ውጤቱ ያው የሙዝ ኬክ ነው።

ጥያቄ፦ «ዳቦ ላይ የሚቀባው እንቁላል በምን ይተካል? ካስታርድ የሚባለው ወፍራም የወተት ክሬምስ ያለ አስኳል ይሠራል?» — ሁለት ጥያቄ ያላቸው

መልስ፦ ለሚቀባው የአኩሪ አተር ወተት ይበቃል፤ ከሌሎች የዕፅዋት ወተቶች የሚመረጠውም ፕሮቲኑ ከፍ ያለ በመሆኑ ሲጋገር የተሻለ ስለሚቀላ ነው። በ2 የሾርባ ማንኪያ ወተት ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ሽሮፕ ቢያሟሙበት ቀለሙ ይደምቃል። የእንቁላልን ያህል የሚያብለጨልጭ ገጽ ግን አይጠብቁ።

ካስታርድም ይሠራል። በ250 ሚሊ ሊትር የአኩሪ አተር ወተት ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ያስፈልጋል፤ ስታርቹ በጥቂት ቀዝቃዛ ወተት አስቀድሞ ካልተበጠበጠ ይጓጉላል። የቀረውን ወተት ከስኳርና ከቫኒላ ጋር አሙቀው ብጥብጡን እያማሰሉ ያፍስሱበት። ድስቱ ውስጥ መወፈር ሲጀምር ብዙ ሰው ደረሰ ብሎ ያወርደዋል፤ ከፈላ በኋላ ግን አንድ ደቂቃ ያህል ካላማሰሉት ስታርቹ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሲያድርም ውኃ ይለቃል። ለቀለሙ በጣት ጫፍ የተቆነጠረ እርድ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ካስታርዱ እርድ እርድ ይላል።

ጥያቄ፦ «ያለ እንቁላል የተጋገረ ኬክ በምግብነቱ ከእንቁላሉ ጋር እኩል ነው?» — አንድ አባት

መልስ፦ እኩል አይደለም፤ ግን ልዩነቱ ከሚያስቡት ያንሳል። ከአንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ ከዚያም ጋር ቫይታሚን ቢ 12 እና ኮሊን ይገኛል። 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ከ1 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ፕሮቲንና ጥሩ የኦሜጋ 3 መጠን ሲሰጥ፣ አኳፋባ ግን ከሞላ ጎደል ውኃ ነው። ይሁን እንጂ በ2 እንቁላል ተጋግሮ ለ12 የተቆረጠ ኬክ ለአንድ ሰው የሚያደርሰው የእንቁላል ፕሮቲን 1 ግራም ብቻ ነው። ፕሮቲን ከኬክ የሚጠበቅ ነገር ስላልሆነ ጉድለቱ በቀሪው ማዕድ ይሸፈናል።

ጥያቄ፦ «በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ ብቻ ኩፍ የሚል የቸኮሌት ኬክ አለ ይባላል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ አይልም ወይ? አሠራሩንስ ቢሰጡን?» — የሦስት ደብዳቤዎች ጥያቄ

መልስ፦ አለ፤ ስፖንጅ ኬክ ለሚወዱት ጠያቂያችን ቃል የገባነውም ይኸው ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚ ድቀትና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ለማግኘት በሚያስቸግርበት ወቅት የተለመደ አጋገር ነው። ኬኩ መጀመሪያውኑ እንቁላል ስላልታሰበለት የሚጎድልበት ነገር የለም።

ወርድና ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎርማ ቅቤ ባልሆነ ቅባት ወይም በዘይት ቀብተው ኦቨኑን በ175 ዲግሪ አስቀድመው ያሙቁ። 190 ግራም ዱቄት፣ 200 ግራም ስኳር፣ 25 ግራም ካካዎ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በወንፊት ነፍተው ይቀላቅሉ፤ ቤኪንግ ሶዳው ተጓጉሎ ከቀረ የደረሰው ሰው ሳሙና የቀመሰ ይመስለዋልና ይህን አይዝለሉት። በሌላ ዕቃ 240 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ነጭ ኮምጣጤና 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ ያዋሕዱ። ፈሳሹን ዱቄቱ ላይ እንዳፈሰሱ ሊጡ ላይ ጥቃቅን ፊኛዎች ሲፈነዱ ያያሉ፤ ሶዳውና ኮምጣጤው ተገናኝተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልቀቅ ጀምረዋል። ከዚህ በኋላ ጊዜ አያጥፉ። ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ አማስለው ወዲያው ፎርማው ውስጥ ይገልብጡትና ኦቨን ውስጥ ያስገቡት። ትንንሽ የዱቄት ጓሎች ቢቀሩ ግድ የለም፤ እነሱን ለማጥፋት ሲባል ብዙ የተማሰለ ሊጥ ጋዙን ያጣል፣ የዱቄቱም ግሉተን ይጠነክርና ኬኩ ይደርቃል። ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ውስጥ መካከሉ ላይ የተወጋ ስቴኪኒ ጥቂት ፍርፋሪ ይዞ፣ እርጥብ ሊጥ ግን ሳይዝ ይወጣል።

ኮምጣጤ አይሸትም። በዚህ ልክ ሶዳው ከኮምጣጤው ስለሚበልጥ አሲዱ በሙሉ ከሶዳው ጋር ተዋሕዶ ያልቃል፤ የተረፈው ሶዳ ደግሞ ከካካዎው አሲድና ከኦቨኑ ሙቀት ጋር ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ «ይበልጥ ኩፍ እንዲል» ብሎ ኮምጣጤውን መጨመር ትርፉ ሽታ ነው፣ ሶዳውን መጨመርም ትርፉ ምሬት ነው። ካካዎውን ትቶ በዚሁ ልክ የቫኒላ ኬክ ለመሥራት የሚያስቡ ካሉ ደግሞ ቀለሙ ወደ ቢጫነት የሚያደላ፣ የሶዳው ጣዕምም የሚያስታውቅ ስለሚሆን ሶዳውን በግማሽ ቀንሰው 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይተኩበት።

ከኦቨን ሲወጣ 15 ደቂቃ ያህል ፎርማው ውስጥ ይቆይ። እንቁላል የሚያያይዘው ኬክ ስላልሆነ ትኩሱን የገለበጠው ሰው በሁለት እጁ ሁለት ግማሽ ይዞ ይቀራል።